ኪኒኑ ቆዳ ላይ ሲወጣ

ራስ ሲያም ፓራሲታሞል፣ ወገብ ሲይዝ ዳይክሎፌናክ፣ ጥርስ ሲነዘንዝ ኢቡፕሮፌን፣ ሆድ ሲታወክ ባክትሪም። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ የማይገኙበት ቤት ጥቂት ነው። በየፋርማሲው በቀላሉ ስለሚገኙ ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት እንኳ አይቆጥራቸውም። ሐኪም «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ትናንት ማታ የተዋጡት ሁለት ፍሬዎች ከቁጥር አይገቡም።

በዚህ መሀል ሰውነት ላይ ሽፍታ ሲወጣ ጥፋቱ የሚሄደው ወደ ሌላ ነው። ከንፈር ላይ ከሆነ «ምች መታኝ» ይባላል። ውሃ ከቋጠረ «ሸረሪት ሸናብኝ»፣ ልጅ ላይ ከሆነ «ኩፍኝ ወጣበት» ይባላል፤ ካልሆነም የበላነው ዓሣ ወይም የቀየርነው ሳሙና ይወነጀላል። አንዳንዴ ግምቱ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ምክንያቱ በመሳቢያ ውስጥ ያለው ኪኒን ነው።

በመድኃኒት ምክንያት የሚመጡ የቆዳ ችግሮች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ግን በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፉ ይችላሉ። ሁለቱን ለመለየት ቁልፉ ሽፍታው ምን እንደሚመስል፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ ስንት ቀን ቆይቶ እንደወጣና አብሮት ሌላ ምን ምልክት እንዳለ ማስተዋል ነው።

ኩፍኝ የሚመስለው ሽፍታ

በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ትንንሽ ነጠብጣቦችና እብጠቶች መጀመሪያ ደረትና ጀርባ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ክንድና እግር ይወርዳሉ። በግራም በቀኝም እኩል ይታያሉ፣ ያሳክካሉ፣ ቀለል ያለ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ላይ ነው። ሽፍታው የሚወጣው ብዙውን ጊዜ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለ7 ቀን የታዘዘ አሞክሳሲሊን አልቆ፣ ጉሮሮው ድኖ፣ ባዶ ካርቶኑ ከተጣለ በኋላ በ9ኛው ቀን ሽፍታ ቢወጣ «መድኃኒቱንማ ጨርሼዋለሁ» ብሎ ከተጠርጣሪነት ማውጣት አይቻልም። ያው ሰው ያንኑ መድኃኒት ሌላ ጊዜ ከወሰደ ደግሞ ሰውነቱ ስለሚያውቀው ሽፍታው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል።

በሐኪሞች መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚባለው በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ማየት፣ በመዳፍ ዳስሶ ሻካራነቱንና ሙቀቱን ማጤን፣ የዓይንን ነጭ ክፍልና የአፍን ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። ሽፍታው ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ያ የበሽታው መቀጠል አይደለም፤ የማቅያ ቅባት የሚያስፈልገውም አይደለም።

ልጆች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ላይ የሚወጣ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ራሱ ትኩሳቱን ካመጣው ቫይረስ ነው እንጂ ከሽሮፑ አይደለም። ኩፍኝም ገና አልጠፋም። ስለዚህ ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ከታዩበት ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት እንጂ በግምት አንዱን መወንጀል አይበጅም።

በደቂቃና በሰዓት ውስጥ የሚነሳው

ሁለተኛው ዓይነት ፈጣን ነው። ሳማ የነካው ያህል ቆዳው ከፍ ከፍ ብሎ ያብጣል፣ ክፉኛ ያሳክካል። እያንዳንዱ እብጠት በ24 ሰዓት ውስጥ ይከስማል፤ ነገር ግን ክንድ ላይ ሲጠፋ ጭን ላይ ይነሳል። ይህን ከሚያስነሱት ዋነኞቹ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሰን ናቸው።

እነዚህ አራቱ በስም ቢለያዩም ሕመም የሚያስታግሱት በአንድ መንገድ ነው፤ ኮክስ የሚባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ። በአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ይህ እገዳ ራሱ እብጠትና ማሳከክ የሚያመጡ ኬሚካሎች እንዲበዙ ያደርጋል። ስለዚህ «ኢቡፕሮፌን አልተስማማኝም» ብሎ ወደ ዳይክሎፌናክ መዞር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ለውጥ አይደለም፤ ኪኒኑ በመርፌ ቢተካም ያው ነው። አስም ያለባቸውና ከዚህ በፊት ተደጋጋሚ የማሳከክ እብጠት የነበራቸው ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ፓራሲታሞል ለአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ይስማማል፤ ሆኖም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጀመር ይመረጣል።

እብጠቱ ከቆዳ አልፎ ከንፈርን፣ ምላስን ወይም የዓይን ቆብን ከያዘ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ከዞረ ወይም ትውከት ከተከተለ ጉዳዩ የቆዳ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አናፊላክሲስ የሚባለው ይህ ነው፤ ሕይወት የሚያተርፈው የአድሬናሊን መርፌ ነው። የአለርጂ ኪኒን ውጦ «እስቲ ትንሽ ልየው» ማለት አያዋጣም። በተገኘው መኪና ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ቦታውን የማይረሳው ጥቁር ክብ

ሦስተኛው ለእኛ ሀገር ሰው በተለይ መታወቅ ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎች ሁሉ በበለጠ በስሕተት የሚተረጎም ነው። ሐኪሞች «ፊክስድ ድራግ ኢራፕሽን» ይሉታል።

አንድ ሰው ሆዱ በታወከ ቁጥር ባክትሪም ገዝቶ ይወስዳል እንበል። ከሰዓታት በኋላ የታች ከንፈሩ ግራ ጥግ ላይ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ ያብጣል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል። ቅርጹ ክብ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል፣ ዳሩ በግልጽ የተለየ ነው። ሰውየው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሽበታል። ቁስሉ በሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ቦታው ላይ ግን ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ምልክት ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ ሆዱ ዳግም ይታወካል፣ ባክትሪም ይገዛል፤ ያው የከንፈሩ ጥግ ዳግም ያቃጥለዋል። በሦስተኛው ጊዜ ምልክቱ ይበልጥ ጠቁሯል፤ አዲስ ክብም እጁ ላይ ወይም ብልቱ ላይ ታክሏል።

መለያው ይህ ነው፦ ያው መድኃኒት፣ ያው ቦታ። ምክንያቱም በዚያ ቦታ ቆዳ ውስጥ ያንን መድኃኒት የሚያስታውሱ የመከላከያ ሴሎች ሰፍረው ይቀራሉ፤ መድኃኒቱ ዳግም ሲመጣ ይነሳሉ። ብልት ላይ ሲወጣ የአባላዘር በሽታ ይመስላል፤ በዚህም ትዳር የታመሰበት፣ ሰው ያለ በሽታው መርፌ የተወጋበት ጊዜ አለ። ይህን ከሚያመጡት መካከል ባክትሪም፣ ኢቡፕሮፌንና ወንድሞቹ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ፓራሲታሞልም ይገኙበታል። ባክትሪምና ሌሎቹ ፀረ ባክቴሪያዎች በሕግ በማዘዣ ብቻ የሚሸጡ ናቸው፤ በተግባር ግን ያለ ማዘዣ እጅ እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል።

ሕክምናው ምክንያቱን አግኝቶ ከዚያ መድኃኒት መራቅ ነው። ጥቁሩ ምልክት ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ መድኃኒቱ ግን በየጊዜው ከተወሰደ አይለቅም።

ቅባትም መድኃኒት ነው

ብዙ ሰው ቅባት «ከላይ ስለሆነ» አይጎዳም ብሎ ያስባል። ሆኖም ኒኦማይሲን ያለበት የቁስል ቅባት ራሱ ቆዳውን አስቆጥቶ ቁስሉ እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል፤ ሰው ደግሞ «አልዳነም» ብሎ ይጨምርበታል። ለጡንቻ ሕመም የሚቀባው ኬቶፕሮፌን ጄል ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በአፍ ከሚወሰዱት ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ፊት፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ተቃጥለው በልብስ የተሸፈነው ክፍል ደህና ከሆነ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለባቸውን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ለማድያት፣ ለብጉር ወይም ለመቅላት ፊት ላይ መቀባት ነው። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጥርት ይላል፤ ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉርና ፀጉር ይበዛል። ለማቆም ሲሞከር ደግሞ ፊቱ ያቃጥላል፣ ያብጣል፤ ሰውየውም ተመልሶ ቅባቱን ይፈልጋል። ጭርት ላይ ሲቀባም ማሳከኩን ለጊዜው አደንዝዞ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ማቆሙን በቆዳ ሐኪም ክትትል ቢያደርገው ይሻላል።

ቤት የማያሳድረው ምልክት

እ.ኤ.አ. በ1922 አልበርት ስቲቨንስና ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ትኩሳት፣ የተላጠ አፍ፣ የተቃጠሉ ዓይኖችና መላ አካል የሸፈነ ሽፍታ ስለነበራቸው ሁለት ልጆች ጻፉ። በሽታው እስከ ዛሬ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም በመባል ይታወቃል። በዘመናችን በአዋቂዎች ላይ ዋነኛው ምክንያቱ መድኃኒት ነው። የላይኛው ቆዳ ሞቶ ይላጣል፤ የተላጠው ከሰውነት 10 በመቶ በታች ሲሆን በዚህ ስም ይጠራል፣ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል። የኋለኛው ከያዛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ይገድላል። የተረፉትም የዓይናቸው ሽፋን ጠባሳ ይዞ ብርሃናቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ባክትሪምን የመሰሉ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ ለኤች አይ ቪ ሲሰጥ የነበረው ኔቪራፒን፣ እንዲሁም ፒሮክሲካምና ሜሎክሲካም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም እስኪተካ ድረስ በኢትዮጵያ ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳርም የሰልፋ ወገን ነው።

ፓራሲታሞልም ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ1969 እስከ 2012 ድረስ በደረሱት ሪፖርቶች ውስጥ ከፓራሲታሞል ጋር የተያያዙ 107 ከባድ የቆዳ ችግሮች እንዳገኘ ገልጿል፤ 67ቱ ሆስፒታል ገብተዋል፣ 12ቱ ሞተዋል። በእነዚያ ዓመታት መድኃኒቱን ከወሰደው ሕዝብ ብዛት አንጻር ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው። ፓራሲታሞልን ለመፍራት ምክንያት አይሆንም፤ «እሱማ ምንም አያደርግም» ለማለት ግን አያስችልም።

የሚከተሉት ከታዩ ማደር የለም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፦

– ቆዳው ከማሳከክ ይልቅ የሚያም ወይም የሚያቃጥል ከሆነ፤
– ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ሲነኩት ከተንሸራተተ ወይም ከተላጠ፤
– አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ከቆሰለ፤
– ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ፊት ካበጠ ወይም ንፍፊት ከወጣ፤
– ዓይን ቢጫ ከሆነ።

ፊት ማበጥ፣ ንፍፊትና ቢጫ ዓይን ጉበትን ጨምሮ የውስጥ አካላትን የሚያጠቃ ሌላ የመድኃኒት ቁጣ መኖሩን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ይህኛው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ጥፋተኛው ሁልጊዜ የመጨረሻው ኪኒን አይደለም

ለሪህ አሎፑሪኖል ከጀመረ ሦስት ሳምንት የሆነው ሰው እናስብ። አንድ ማለዳ ትኩሳት ይሰማዋል፣ ጉሮሮው ያምመዋል፣ ዓይኑ ያቃጥለዋል። ጉንፋን ነው ብሎ ፓራሲታሞል ይወስዳል። በሁለተኛው ቀን ቆዳው መላጥ ይጀምራል። ቤተሰቡ «ፓራሲታሞሉ ነው» ይላል፤ ያቆሙታል፤ አሎፑሪኖሉ ግን ይቀጥላል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ትኩሳቱ፣ የጉሮሮ ሕመሙና የዓይን ማቃጠሉ የቆዳው በሽታ መጀመሪያ ምልክቶች ነበሩ፤ ፓራሲታሞሉ የተወሰደው በሽታው ከተነሳ በኋላ ነው። ስቲቨንስ ጆንሰን በአብዛኛው የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀናት ውስጥ ስለሆነ የሚፈለገው ትናንት የተዋጠው ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ወራት የተጀመረው ሁሉ ነው። ጥፋተኛውን መድኃኒት ቶሎ ማቆም የመትረፍ ዕድልን ይጨምራል፤ ንጹሑን አቁሞ ጥፋተኛውን መቀጠል ደግሞ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ሽፍታ ሲወጣ አንድ ወረቀት ወስዶ የተወሰደውን ሁሉ ከጀመሩበት ቀን ጋር መጻፍ ነው። ኪኒኑ፣ መርፌው፣ ቅባቱ፣ የባህል መድኃኒቱ፣ ቫይታሚኑ፣ ከጎረቤት የተገኘችው አንድ ፍሬ ጭምር። ሽፍታውንም በየቀኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ ሐኪም ጋ እስኪደረስ መልኩ ሊለወጥ ይችላልና።

ዋናውን ስም ማወቅ

ፓራሲታሞል በአሜሪካ ታይሌኖል፣ በእስራኤል አካሞል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓናዶል ተብሎ ይሸጣል። አድቪልና ሞትሪን ኢቡፕሮፌን ናቸው፤ አሌቭ ናፕሮክሰን ነው፤ ቮልታረን ዳይክሎፌናክ ነው። ከዘመድ በሻንጣ የመጣ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ተደባልቆ ይገኛል፤ የሆድ ማስታገሻ ተብሎ የሚሟሟው አልካ ሴልትዘር ውስጥም አስፕሪን አለ። «አስፕሪን አይስማማኝም» የሚል ሰው ሳያውቀው በብርጭቆ ሊጠጣው ይችላል።

መፍትሔው ከማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ትቶ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ስም ማንበብ ነው። ኪኒኑ ተቆርጦ በትንሽ ፖስታ ከተሰጠም ፋርማሲስቱ ስሙን እንዲጽፍበት መጠየቅ መብት ነው። አንድ ጊዜ ያስቸገረውን መድኃኒት ስም፣ ቀኑንና ምን እንዳደረገ ጽፎ በቦርሳ መያዝ፣ በስልክ ማስቀመጥና ለቤተሰብ መንገር ይገባል።

ይህ ማስታወሻ ትክክለኛ መሆንም አለበት። በአሜሪካ ከ10 ሰው 1 ገደማ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ይላል፤ ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ ላይ አለርጂው አይገኝም። እንዲህ ያለ ያልተጣራ ስም ሰውን ከሚያድነው ርካሽ መድኃኒት ያርቀዋል። ጥርጣሬ ካለ ማጣራት ያለበት ሐኪም ነው፤ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ቤት ውስጥ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

ቀላል ሲሆን ምን ይደረጋል?

ከላይ ከተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች አንዱም ከሌለ፣ በራስ ፍላጎት የተጀመረውን የተጠረጠረ መድኃኒት ማቆም ነው። የሚያሳክከውን ቦታ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ መያዝ፣ ካላሚን ወይም ቫዝሊን መቀባት፣ ከፋርማሲስት ጋር ተነጋግሮ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን መውሰድ ያስታግሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና በረኪና ቆዳን ያቃጥላሉ፤ አይነኩም። አብዛኛው ሽፍታ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል።

ለሚጥል በሽታ፣ ለቲቢ፣ ለልብ ወይም ለኤች አይ ቪ የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ ግን ቀላል ሽፍታ ሲያዩ በራስ ውሳኔ አያቁሙ፤ በዚያው ቀን ወዳዘዘው ሐኪም ይደውሉ ወይም ይሂዱ። ሽፍታው ካልለቀቀ ወይም ምክንያቱ ካልታወቀ የቆዳ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ወይም ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ፣ ቢታዩ ይመረጣል።

በመጨረሻም የደረሰብዎትን ያሳውቁ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ይቀበላል፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። ጤና ባለሙያዎችም የሚሞሉት ቢጫ ቅጽ አለ። አንድ መድኃኒት ብዙ ሰው እያስቸገረ መሆኑ የሚታወቀው የተጎዱት ሲናገሩ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ሐኪም «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲልዎ የራስ ምታት ኪኒኑንም፣ ቅባቱንም፣ ከዘመድ የመጣውንም ይቁጠሩለት።